ደወል የሌለው ትምህርት ቤት
በኢንተርኔት ኮርስ ስለሚያስፈልግ የጥናት አደረጃጀት፤ ከሳሪስ አካባቢ ሁኔታ አንጻር

መደበኛ ትምህርት ቤት ከሚሰጠው ትምህርት በተጨማሪ በመዝገብ የማይሰፍር አገልግሎት ይሰጣል። ደወል ይደውላል፤ ተማሪው ሰዓቱ መድረሱን ያውቃል። ወንበር ያዘጋጃል፤ ተማሪው የት ተቀምጦ እንደሚማር አያስብም። ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው መቅረቱ ይታወቃል። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፎ ዘወር ሲል ትምህርቱ ያልገባውን ተማሪ ከፊቱ ይለየዋል። አጠገቡ የተቀመጠውም ጓደኛ ያመለጠውን መስመር ያሳየዋል። እነዚህ ሁሉ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አልተጻፉም፤ በስማቸው የሚያዝ በጀትም የለም። ይሁን እንጂ ተማሪው ዓመቱን ዘልቆ ለፈተና እንዲበቃ በማድረግ ረገድ ድርሻቸው ከመማሪያ መጽሐፉ ድርሻ ያነሰ አይደለም።

በኢንተርኔት የሚሰጥ ኮርስ ትምህርቱን ይዞ ሲመጣ ይህን አገልግሎት ይዞ አይመጣም። ስለዚህ ተማሪው ደወሉን፣ ወንበሩን፣ ስም ጠሪውንና የጓደኛውን ደብተር በራሱ መንገድ መተካት ይኖርበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ በተግባር እንዴት ሊፈጸም እንደሚችል፣ ከዚያም ውስጥ ተማሪው ብቻውን ሊሠራው የሚችለው የትኛው እንደሆነና የትኛው የመምህራንንና የዕቅድ ባለሙያዎችን እጅ እንደሚጠይቅ ማብራራት ነው። ለማነጻጸሪያነት የተወሰደው ሳሪስ ነው። ሳሪስ ከመሐል አዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ፋብሪካና መጋዘን፣ ጋራዥና ገበያ ከመኖሪያ ቤት ጋር ተቀላቅለው የሚገኙበት የአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ሠራተኛ፣ ሱቅ የሚጠብቅ ወጣት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪና ዲግሪውን ለማሻሻል የሚጥር መምህር ጎን ለጎን ይኖራሉ። የኢንተርኔት ኮርስ በብዛት የታሰበው ለእነዚህ ሰዎች ሲሆን፣ ጀምሮ የማቋረጥ ዕድላቸውም ከፍ ያለ ነው።

ከሬዲዮ ወደ እጅ ስልክ

ተማሪውና መምህሩ ሳይገናኙ የሚካሄድ ትምህርት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በአዲስ አበባ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ትምህርታዊ ፕሮግራም መተላለፍ ጀምሯል። የትምህርት መገናኛ ዘዴዎች ድርጅትም በሬዲዮ ለረጅም ዘመን አስተምሯል። የዚህ መጽሔት አንባቢ ከሆኑት መምህራን መካከልም ሞጁል ተሸክመው፣ ቅዳሜና እሑድ ቱቶሪያል እየተከታተሉ፣ ክረምቱን ደግሞ በገጽ ለገጽ ትምህርት እያሳለፉ የትምህርት ደረጃቸውን ያሻሻሉ ጥቂቶች አይደሉም። በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ የርቀት ትምህርት ጥራቱ አጠያያቂ ሆኖ በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ለጊዜው እንዲቆም መደረጉና በኋላ ከቅድመ ሁኔታዎች ጋር መፈቀዱም ይታወሳል።

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይተላለፍ የጀመረው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው ትምህርት ለተያዘው ጉዳይ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ፕላዝማ ደወል ነበረው፤ ተማሪውም ወንበር ነበረው። ነገር ግን ትምህርቱ አይቆምም፤ ያልገባውን ተማሪ አይጠብቅም፤ ወደ ኋላም አይመለስም ነበር። የኢንተርኔት ኮርስ ከዚህ ጋር ሲተያይ ተገላቢጦሽ ነው። ተማሪው እንደፈለገ ያስቆመዋል፤ አሥር ጊዜም ይደግመዋል። የሚጀምርበትን ሰዓት የሚነግረው ግን ማንም የለም። ትምህርቱን ለማቆም የተሰጠው ነጻነት ጨርሶ ላለመጀመርም የተሰጠ ነጻነት ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ይህ ልዩነት በግልጽ ታየ። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ሲላክ ቆየ፤ በየቤቱ ስልክ የነበረው ተማሪ ሁሉ ግን ተማረ ማለት አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመጡት ሥራዎች ሰፋ ያሉ ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብር በፕሮግራሚንግ፣ በአንድሮይድ፣ በዳታ ሳይንስና በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ሥልጠና በነጻ ይሰጣል። የትምህርት ሚኒስቴር ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የዘረጋው የኢ-ለርኒንግ ፕሮግራምም ተማሪዎችን በኢንተርኔት ስለመማር የሚያዘጋጁ ኮርሶችን አካቷል።

ከሳሪስ ጥቂት ወረድ ብሎ አቃቂ ላይ የሚገኘው ምሳሌ ደግሞ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ዩኒሳ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በርቀት ትምህርት ከዓለም አንጋፋዎቹ አንዱ ነው። ተማሪዎቹን በሺሕ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ማስተማር የተካነ ይህ ተቋም በኢትዮጵያ ለሚገኙ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ አቃቂ ላይ ሕንጻና ግቢ ያለው ማዕከል ከፍቷል። በርቀት የማስተማር ልምዱ ይህን ያህል የዳበረ ተቋም እንኳ ወንበር ያለበት ቦታ ማዘጋጀቱን አልተወውም።

መመዝገብ ሌላ፣ መጨረስ ሌላ

ሃርቫርድና ኤም አይ ቲ በጋራ ባቋቋሙት ኢዴክስ በተባለው መድረክ ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2017-18 ከተመዘገቡት ሰዎች ሁሉ ኮርሱን የጨረሱት 3.13 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ከተመዝጋቢዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ትምህርቱን አንድ ጊዜ እንኳ ከፍተው አላዩትም። ለምስክር ወረቀቱ አስቀድመው ገንዘብ ከከፈሉት መካከል ግን 46 በመቶ የሚሆኑት ጨርሰዋል። መድረኩ የታወቀ፣ መምህራኑም የተመሰከረላቸው ስለሆኑ ጉድለቱን በትምህርቱ ይዘት ማመካኘት አይቻልም። መመዝገብ ምንም አያስከፍልም፤ ምንም ያላስከፈለን ነገር መተውም አይከብድም።

ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር በቅድሚያ የሚመለከተው የዕቅድ ባለሙያዎችን ነው። ከክፍለ ከተማ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ሚኒስቴር በሚተላለፍ ሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ሰው ተመዝግቧል» የሚል ቁጥር ብቻውን ሲቀርብ ስለ መማር የሚናገረው ነገር የለም። አንደኛውን ትምህርት የከፈተ፣ ግማሽ የደረሰና የጨረሰ ሰው ተለይተው ካልተቆጠሩ፣ ችግሩ ከየትኛው ሳምንት እንደሚጀምር አይታወቅም።

ሁለተኛው ጥናት የበለጠ ትኩረት የሚሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የወጣው ይህ ጥናት ሁለት ዓመት ተኩል የፈጀ ሲሆን፣ ወደ 250 በሚጠጉ ኮርሶች ሩብ ሚሊዮን ገደማ ተማሪዎችን አካትቷል። በኮርሱ መግቢያ ላይ ተማሪው መቼና የት እንደሚያጠና ዕቅድ እንዲጽፍ ሲደረግ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተሳትፎው ከፍ አለ። በመጨረሻ ኮርሱን በሚጨርሱት ሰዎች መጠን ላይ ግን ለውጥ አልታየም። እንግዲህ ዕቅድ መጻፍ ይጠቅማል፤ አንድ ጊዜ ተጽፎ የተቀመጠ ዕቅድ ግን ከወር በላይ አያስኬድም። ለተማሪዎች የሚሰጡ ምክሮች አብዛኞቹ «ዕቅድ አውጣ» በሚለው ላይ የሚያበቁ ስለሆኑ፣ ከታች የሚቀርበው ማብራሪያ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ያተኩራል።

ሰዓቱን ስለ መወሰን

በሳሪስ አካባቢ በአንድ ፋብሪካ በሦስት ፈረቃ የሚሠራ ወጣት እንውሰድ። አንድ ሳምንት ጧት ይገባል፤ ሌላው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፤ ሦስተኛው ሌሊት። ይህ ወጣት «ሁልጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት አጠናለሁ» ብሎ ቢወስን ዕቅዱ ገና በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል። ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን 2 ሰዓት ላይ ማሽን ፊት ስለቆመ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ጥናቱን ከሰዓት ቁጥር ጋር ሳይሆን ከዕለቱ ድርጊት ጋር ማያያዝ ይሻላል፤ ለምሳሌ «ከፈረቃ ወጥቼ ምግብ በልቼ ሳህኑን ካነሣሁ በኋላ ደብተሩን እከፍታለሁ» ብሎ መወሰን ይችላል። ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ተብሎ የተወሰነ ሐሳብ «አደርገዋለሁ» ተብሎ በደፈናው ከተያዘ ሐሳብ ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን በተከታታይ ጥናቶች አሳይተዋል። ፈረቃው ቢለዋወጥ ሳህኑ መነሣቱ አይቀርም።

የአንዱ ጥናት ርዝመት መምህራን ከሚያውቁት የአንድ ክፍለ ጊዜ ርዝመት ባይበልጥ መልካም ነው። ሌሊት ሠርቶ የወጣ ሰው ሦስት ሰዓት አጠናለሁ ቢል ራሱን ያታልላል፤ በሳምንት አምስት ጊዜ ለአርባ ደቂቃ የተቀመጠ ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ያገኛል። ኮርሱ «በሳምንት አምስት ሰዓት ይበቃል» የሚል ከሆነ ይህ ግምት የእንግሊዝኛ ንባብ ላፈጠነ ሰው የወጣ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ራሱን በሰዓት ለክቶ የራሱን ግምት ቢያወጣ፣ በኋላ «እኔ አልችልም» ከሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ይድናል። ብዙ ሰው ኮርሱን የሚተወው ትምህርቱ ስለከበደው ሳይሆን ከታሰበው ጊዜ በላይ ሲወስድበት ጉድለቱ የራሱ ስለሚመስለው ይመስላል።

የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ልዩነት ጥቃቅን ነገር መስሎ ብዙ ጉዳት ያደርሳል። በኮርሱ ላይ የሥራ ማስረከቢያው «12፡00» ተብሎ ቀትርን ለማመልከት ሲጻፍ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ የምሽቱን 12 ሰዓት መስሎት የጠበቀ ተማሪ ስድስት ሰዓት ይዘገያል። በግሪንዊች ሰዓት 23፡59 ተብሎ የተቆረጠ ጊዜ ደግሞ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ከሌሊቱ 8፡59 ነው። «5/12» የሚለው ቀን በአንዱ አገር ኅዳር፣ በሌላው ግንቦት አካባቢ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ኮርሱን በጀመረበት ዕለት የማስረከቢያ ቀኖቹን በሙሉ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ለውጦ፣ የወሩን ስም በፊደል ጽፎ፣ እያንዳንዱንም አንድ ቀን ወደ ፊት አምጥቶ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ማስፈር ይኖርበታል። የተረፈችው አንድ ቀን ለመብራት መቋረጥና ለኔትዎርክ መጥፋት መጠባበቂያ ትሆናለች።

የጊዜ ሰሌዳው የአካባቢውን ኑሮም ማወቅ አለበት። ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ዕድርተኛም «ኮርስ አለብኝ» ተብሎ አይቀርም። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን የአቦ መታሰቢያ ነው፤ ማኅበር አለ፣ ሠርግ አለ፣ የዘመድ ጥየቃ አለ። እነዚህን እንደ እንቅፋት ቆጥሮ የሚያማርር ተማሪ ሁለቱንም ያጣል። ትምህርት ቤቶች ለዚህ የቆየ መፍትሔ አላቸው፤ ማካካሻ ክፍለ ጊዜ ይባላል። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ምንም ሳይመደብበት ባዶ ከተያዘ፣ ማክሰኞ ለቅሶ የዋለ ሰው ቅዳሜ ያካክሳል። ምንም ካልጎደለም ያርፋል። ባዶ ክፍለ ጊዜ የሌለው ሰሌዳ መጀመሪያ በተደናቀፈበት ዕለት ይወድቃል፤ ተማሪውም አንድ ቀን በመጉደሉ ሁሉም እንደተበላሸ ይቆጥረዋል።

ስለ ሴት ተማሪዎች ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በአብዛኛው ቤት ውስጥ አንድ ሥራ ሲጨመር ቀድሞ የሚወሰደው የሴት ልጅ ሰዓት ነው። እንግዳ ሲመጣ ቡናውን የምታፈላው፣ ውኃ በመጣ ሰዓት የምትቀዳው፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ የምትነሣው እርሷ ናት። በመደበኛው ትምህርት ቤት ግቢውን ለቃ መሄዷ ራሱ ይጠብቃት ነበር። ስልክ ይዛ ማዕዘን ላይ የተቀመጠች ልጅ ግን በቤተሰቡ ዓይን እየተማረች ሳይሆን ሥራ ፈትታ የተቀመጠች ትመስላለች። ይህን የሚለውጠው የእርሷ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ኮርሱ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሳምንት እንደሚወስድ፣ በየትኞቹ ቀናት ለአርባ ደቂቃ እንደማትጠራ ለእናትና ለአባት ወይም ለባል አስቀድሞ መነገር አለበት። ነገሩ ከመምህር አፍ ሲሰማ ክብደት ያገኛል። አንድ መምህር ወላጆችን ሲያገኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይህን ቢያስረዳ ከብዙ የምክር ወረቀት የተሻለ ሥራ ይሠራል።

ስለ ቦታና ስለ መሣሪያ

አምስት ሰው በሚኖርበት አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ «ጸጥ ያለ የጥናት ክፍል አዘጋጅ» ብሎ መምከር ቀልድ ነው። ሊደረግ የሚችለው ያው ቦታ፣ ያው ወንበር፣ ያው አቅጣጫ ሁልጊዜ ለጥናት እንዲውል ማድረግ ነው፤ ግድግዳ ቢሆን ይመረጣል፣ በር ከሆነ ሰው ይገባል ይወጣል። የጆሮ ማዳመጫ ጫጫታን ከመቀነሱም በላይ ለቤተሰቡ ምልክት ይሆናል።

ስልኩ ከባድ ጉዳይ ነው። መማሪያው፣ የገንዘብ ማስተላለፊያው፣ የዘመድ መገናኛውና መዝናኛው በአንድ ዕቃ ውስጥ ናቸው። ይህ ማለት ተማሪው መጽሐፉን በከፈተ ቁጥር ገበያ መሐል ይቀመጣል ማለት ነው። ስለዚህ ትምህርቱ በቅድሚያ ወርዶ ከተቀመጠ በኋላ በጥናቱ ሰዓት ዳታውን ማጥፋት ሁለት ጥቅም ይሰጣል፤ ትኩረትንም ገንዘብንም ይቆጥባል። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በከፍተኛ የምስል ጥራት ሲታይ አንድ ጊጋባይትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ በዝቅተኛ ጥራት ግን በግምት የዚህን ሲሶ ያህል ይበቃዋል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ መምህርን ለማየት ከፍተኛ ጥራት አያስፈልግም። የሌሊት ጥቅል ዋጋው ዝቅ ስለሚል ለማውረጃ ተስማሚ ነው፤ ማታ እንዲወርድ ተደርጎ ቀን ይጠናል። ኮርሱ የጽሑፍ ቅጂ ካለው ደግሞ ከቪዲዮው አስቀድሞ እርሱ ይውረድ፤ ክብደቱ ጥቂት ነው፣ መብራት ሲጠፋም በትንሽ ባትሪ ይነበባል።

የኢሜይል አድራሻውና የይለፍ ቃሉ የተማሪው መታወቂያ ናቸው። በኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ የተከፈተ፣ ባለቤቱ የማያስታውሰው ኢሜይል የብዙ ሰው ኮርስ መቀበሪያ ነው። አድራሻው በራስ እጅ፣ በራስ ስልክ ቁጥር ተከፍቶ፣ ሌላ ሰው በማያገኘው ስፍራ መመዝገብ አለበት።

አይቶ ማለፍና ማጥናት

ቪዲዮ መመልከት ማጥናት ይመስላል፤ ግን አይደለም። የተናጋሪው አንደበት ሲቀና ሁሉ ነገር የገባን ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በሁለት ዘዴ ጽሑፍ አስጠኑ። በአንዱ ዘዴ ተማሪዎቹ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበቡ። በሌላው ዘዴ አንድ ጊዜ አንብበው፣ ሁለተኛውን ጊዜ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶ፣ ራሳቸውን የጠየቁት 56 በመቶ አስታወሱ። መድገም ለዛሬ ያጠግባል፤ ራስን መጠየቅ ለሳምንት ስንቅ ይሆናል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተርና እስክርቢቶ ነው። አሥር ደቂቃ ቪዲዮ ከታየ በኋላ ስልኩ ተገልብጦ ይቀመጥና የተባለው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ይጻፋል። በእንግሊዝኛ የተሰማን ነገር በራስ ቋንቋ መጻፍ ያቃተው ሰው ገና አልገባውም ማለት ነው፤ ወደ ኋላ መመለሻው ሰዓት ያን ጊዜ ነው። ፕሮግራሚንግ የሚማር ሰው ደግሞ የተሰጠውን ምሳሌ ቀድቶ ሳይሆን ዘግቶ፣ ከባዶ ገጽ እንደገና መጻፍ አለበት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ወይም በተጨናነቀ ባቡር ውስጥ ቪዲዮ ማየት አይቻልም፤ «ትናንት የተማርኩት ሦስት ነገር ምን ነበር?» ብሎ ራስን መጠየቅ ግን ይቻላል። ከሳሪስ እስከ መሐል ከተማ ያለው መንገድ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው።

በዚህ ረገድ የቤተ ክህነት ትምህርት ያቆየው ልማድ ሊታሰብ ይገባል። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ከጉባኤው ርቆ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ መምህሩ አያየውም፤ ወረቀትም አይዝም። በዚህ አንጻር ሲታይ እርሱም የርቀት ተማሪ ነው። ሆኖም ሲመሽ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ነገራ አለበት። ቀኑን ሙሉ የሠራውን የሚሰማ፣ የሚያርምና የሚያስተካክል ሰው እንደሚጠብቀው ያውቃል። ብቻውን የዋለበትን ሰዓት ፍሬያማ የሚያደርገው ያ የምሽት ቀጠሮ ነው።

የሚጠብቅ ሰው

የኢንተርኔት ኮርስ ተማሪ የጎደለው ይኸው ቀጠሮ ነው። ራስን በራስ መቆጣጠር ለጥቂት ሰዎች ይሠራል፤ ለአብዛኛው ሰው ግን የሚጠብቀው ሌላ ሰው ያስፈልጋል። በአንድ ሰፈር ያው ኮርስ የጀመሩ አራት ወይም አምስት ሰዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ቢገናኙ፣ የዕቁብ ሥርዓት ለሚያውቅ ኅብረተሰብ ነገሩ አዲስ አይሆንም። በዕቁብ ማንም ዕጣውን ሳይጥል አይቀርም፤ ስሙ ይጠራልና። በጥናት ቡድኑም እያንዳንዱ በሳምንቱ የሠራውን አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ያልጨረሰም ያልጨረሰውን ይዞ ይመጣል እንጂ አይቀርም። ከአምስት በላይ ሲሆኑ መቅረት ሳይስተዋል ያልፋል። በቴሌግራም ብቻ የሚገናኝ ቡድን ደግሞ ውሎ አድሮ የሰላምታና የበዓል መልእክት መለዋወጫ ይሆናል። በአካል መገናኘቱ፣ በወር ሁለት ጊዜ እንኳ ቢሆን፣ መቅረት የለበትም።

የመጀመሪያው ዕቅድ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኃይሉን እንደሚያጣ ከላይ ተገልጿል። የቡድኑ ስብሰባ ይህን ጉድለት የሚሞላው ዕቅዱን በየሳምንቱ በማደስ ነው። ከመለያየት በፊት እያንዳንዱ «በሚመጣው ሳምንት ፈረቃዬ ይህ ነው፤ የማጠናው በእነዚህ ቀናት ነው» ብሎ ይናገራል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መምህሩ ለዚህ የኮምፒውተር ሊቅ መሆን አያስፈልገውም። የአማርኛ ወይም የታሪክ መምህር የኮዲንግ ተማሪዎችን ቡድን ሊመራ ይችላል፤ ሥራው ትምህርቱን ማስተማር ሳይሆን ስም መጥራት፣ የቀረውን መጠየቅ፣ የዘገየውን «የት ላይ ቆምክ?» ማለት ነው። የቀረ ተማሪ በሳምንቱ ውስጥ በስልክ ከተጠየቀ የመመለስ ተስፋ አለው። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ የሚደረግ ጥሪ ግን ኀፍረትን ከመጨመር ሌላ የሚፈይደው የለም። በዚህ ምክንያት መምህሩ የሚይዘው መዝገብ ረጅም መሆን የለበትም፤ ስም፣ ስልክ፣ የደረሰበት ትምህርትና መጨረሻ የታየበት ቀን ይበቃሉ። ይህ መዝገብ ለክፍለ ከተማው ሪፖርትም ከተመዝጋቢ ቁጥር የተሻለ መረጃ ይሰጣል፤ ሰዎች በየትኛው ሳምንት እንደሚያቋርጡ ከእርሱ ይነበባልና።

ይህ ሥራ ለመምህሩ ተጨማሪ ሸክም መሆኑ አይካድም። በነጻ እንዲሠራ ከተጠበቀ ለአንድ ወሰነ ትምህርት ይሠራል፤ በሁለተኛው ይተወዋል። ክፍለ ጊዜው ላይ ቢታሰብለት ወይም ለማታ ትምህርት የሚከፈለው ዓይነት አበል ቢመደብለት፣ ለአዲስ ኮርስ ዝግጅት ከሚወጣው ወጪ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው።

ቦታን በተመለከተ ለዕቅድ ባለሙያዎች የሚቀርበው ጥያቄ አዲስ ሕንጻ የሚጠይቅ አይደለም። ወንበር፣ መብራትና ጠረጴዛ ያላቸው ክፍሎች በየትምህርት ቤቱ አሉ፤ ኮምፒውተር ያላቸውም አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ ግን ይዘጋሉ። የሚዘጉበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ቢጠፋ ማን ይጠየቃል የሚል ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መሰጠት ይኖርበታል። ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ በስንት ሰዓት ተረክቦ በስንት ሰዓት እንደሚመልስ፣ ክፍሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ስንት ኮምፒውተር እንደተቆጠረና ማን እንደፈረመ የሚያሳይ አንድ የርክክብ ደብተር በጥበቃው ቤት ቢቀመጥ፣ ርእሰ መምህሩ ፈቃዱን ለመስጠት አይቸገርም፤ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የወጣውም ወጣት እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሚቀመጥበት ወንበር ያገኛል።